ከቤንዚን ወደ ውኃ፦ የብረት ዕቃ እጥበት ታሪክ

ዘይትና ግራሶ የተጋገረበትን የብረት ዕቃ ማጽዳት ከብረት ሥራ ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው። ቅባቱ ካልወጣ ቀለም አይይዝም፣ ብየዳው ቀዳዳ ያበጃል፣ የዕቃው ስንጥቅም ተሸፍኖ ያልፋል። ለማጽዳት ቀድሞ የዋለው ውኃ ነው፤ ብቻውን ሳይሆን ከአመድ ጋር። በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታስየም ካርቦኔት በውኃ ሲሟሟ የእንስሳትንና የአትክልትን ስብ ያላቅቃል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ልብስ የሚታጠብበት እንዶድም አሠራሩ ከዚህ አይርቅም፦ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን እድፉን ከቦ ወደ ውኃው ያወጣዋል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለበሽታው መከላከያ ምርምር በር ከፍቷል። ያው ግኝት በውኃ የሚሠራ ማጽጃም ወንዝ ሲገባ ሕይወት እንደሚነካ ያስረዳል።

ሞተር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ የሞተር ዘይት እንደ እንስሳት ስብ ከሶዳ ጋር ወደ ሳሙናነት አይለወጥም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዘይትን በሚያሟሙ ፈሳሾች ላይ ተደገፉ። በመጀመሪያ ቤንዚንና መሰሎቹ ነበሩ፤ ቃጠሎ በመፍራት ግን ክሎሪን ያለባቸው ተተኩ። ከእነዚህ ዋናው ትራይክሎሮኤቲሊን ነበር። ፈሳሹ በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ቀዝቃዛው ዕቃ ከፈላው ጋን በላይ ሲንጠለጠል እንፋሎቱ ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ዘይቱን ይዞ ይንጠባጠባል። ዕቃው ሳይፈተግና ሳይለቀለቅ ደርቆ ይወጣል። ይህ ዘዴ ለአሥርተ ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎችን ይዞ የቆየው በዚህ ምቾቱ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ሠራተኛው ነበር። እንፋሎቱ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ከጋኑ ሥር ይከማቻል፤ ጋን ሊያጸዱ ገብተው ራሳቸውን ስተው የሞቱ ጥቂት አይደሉም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ትራይክሎሮኤቲሊን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። ቀደም ሲል ብዙ ፋብሪካዎች መርዝነቱ ወደሚያንሰው ሜቲል ክሎሮፎርም፣ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች ደግሞ ወደ ሲኤፍሲ 113 ተዛውረው ነበር። ሁለቱም የኦዞን ንጣፍን የሚያሳሱ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሲኤፍሲን፣ በ1990 የለንደን ማሻሻያ ደግሞ ሜቲል ክሎሮፎርምንና ሌላውን ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ካርቦን ቴትራክሎራይድን ገደቡ። ያደጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ሦስቱንም አቆሙ፤ ለታዳጊ አገሮች የመጨረሻው ጊዜ ለሜቲል ክሎሮፎርም 2015፣ ለሁለቱ 2010 ነበር። ሙቅ ውኃና ሶዳ ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች በብዛት የተመለሱት በዚህ ግፊት ነው።

ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሆኖም ስምምነቱ ሁሉንም ማጽጃ ፈሳሽ አይመለከትም። እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ በአገሪቱ የቀሩት ጣሊያን መካኒኮች ሲሠሩበት የኖሩት የጋራዥ ሙያ ግን በቤንዚንና በናፍጣ ያጥባል፤ ለእነዚህ የኦዞን ሕግ ምንም አይልም። በከምባታዋ ዳምቦያ፣ በዱራሜም ሆነ በሆሳዕና፣ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የሚጠግን ወጣት ካርቡራቶሩንና ኩሽኔታውን በሳህን ቤንዚን በባዶ እጁ ሲያጥብ ቢገኝ የሚከለክለው የለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜም ሳይቀር ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው ቤንዝን (benzene) የተባለው ኬሚካል ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል። ዓለምን ያስለወጠው ውል ይህን ሳህን ሳይነካ ማለፉ የታሪኩ ትልቁ ጉድለት ነው።

የውኃው ዘዴ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘይቱ ስለማይሟሟ ሶዳው፣ አረፋ ሰጪው ማጽጃና ሙቀቱ ተባብረው ነው የሚያላቅቁት፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀትና ብሩሽ ያስፈልጋል። ሶዳ አሽ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከአቢጃታ ሐይቅ ውኃ ሲመረት ቆይቷል። ኮስቲክ ሶዳ ለብረት ቢበጅም አሉሚኒየምን ይበላል፤ ስለዚህ የሞተር ሳይክል ፒስተን፣ ካርቡራቶርና የሞተር ቤት በለስላሳ ማጽጃ ብቻ መታጠብ አለባቸው። የታጠበ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ መዛግ ስለሚጀምር ወዲያው ተለቅልቆ፣ በአየር ተነፍቶ ዘይት ይቀባል፤ ኩሽኔታ በተለይ ጊዜ አይሰጥም። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት ተቀፍፎ ለብቻው ይጠራቀማል፤ የተረፈው ውኃም ወደ ቦይ አይደፋም፤ የእንዶዱ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ከበርሜል፣ ከማሞቂያ፣ ከአየር መንፊያ፣ ከጓንትና ከብሩሽ ያለፈ መሣሪያ አይጠይቅም። የሆሳዕናና የዱራሜ የሙያ ማሠልጠኛዎች የአውቶ መካኒክ ተማሪን ሞተር መፍታት በሚያስተምሩበት ሰዓት በሙቅ ውኃና በሶዳ ማጠብንም አብረው ሊያስተምሩት ይገባል፤ ቤንዚኑም ለመኪናው ታንክ ብቻ ይቅር።