የወታደሩ ሁለት ስሞች

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሪየት ተብማን ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የምትላችሁ በ1849 ከሜሪላንድ ባርነት አምልጣ፣ ደጋግማ እየተመለሰች ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን ነፃ ያወጣችው ሴት ናት። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አሮጊቷ ሃሪየት ነው። የሞተ ባሏን የወታደር ጡረታ ለማግኘት አምስት ዓመት ደጅ ስለጠናችው።

ነገሩ ከእሷ በፊት ይጀምራል። በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በሐምሌ 1862፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የጡረታ ሕግ አወጣ። የተራ ወታደር ሚስት ባሏ ቢሞት በወር 8 ዶላር ታገኛለች። (ከዚያ ጦርነት የመጣውን ጡረታ የመጨረሻዋ ተቀባይ፣ የአንድ ወታደር ልጅ፣ ያረፈችው በ2020 ነው፤ እስከዚያ በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፈላት ነበር። ጦርነቱ ያለቀው በ1865 መሆኑን አትርሱ!)

ሚስት ነኝ ለማለት ግን የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከባርነት ወጥተው የዘመቱት ጥቁር ወታደሮች ሚስቶች ይህን ከየት ያምጡ? የባርነት ሕግ ባሪያን እንደ ንብረት ነው የሚያየው፤ ንብረት ደግሞ አያገባም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1864 የደቡቡ ጦር ቴነሲ ውስጥ ፎርት ፒሎው የተባለውን ምሽግ ያዘና እጅ እየሰጡ የነበሩ ወታደሮችን ፈጀ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ላዮኔል ቡዝም በዚያው ውጊያ ሞተ። ነጯ ሚስቱ ሜሪ ቡዝ ፕሬዚዳንት ሊንከን ዘንድ ገባች፤ የለመነችው ለጥቁሮቹ ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ነበር። ሊንከን ለሴናተር ቻርልስ ሰምነር ደብዳቤ ጽፎ ላካት። በሐምሌ 4 ሕጉ ተሻሻለ፦ ባልየው ከመዝመቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን የታመኑ ምስክሮች በመሐላ ካረጋገጡ በቃ። እንከን አላጣውም፤ ሚስቲቱ ራሷ ነፃ ካልወጣች አይመለከታትም። ቢሆንም ወረቀት የተከለከለን ሰው "ወረቀት አምጣ" ማለት ግፍ መሆኑን ሕግ አውጪ ሲቀበል ብዙ ጊዜ አናይም።

ወደ ሃሪየት እንመለስ። በ1869 ኦበርን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚያንስ ኔልሰን ዴቪስ የሚባል የቀድሞ ወታደር አገባች። በ1888 ሞተ። በ1890 ለተቸገሩ የወታደር ሚስቶች አዲስ ሕግ ሲወጣ አመለከተች። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ በጦሩ መዝገብ ኔልሰን ዴቪስ የሚባል ሰው የለም። ያለው ኔልሰን ቻርልስ ነው! ሃሪየት በሰጠችው ቃል መሠረት ቻርልስ የአሳዳሪው ስም ነው፤ ዴቪስ ግን የአባቱ። ሰውየው ከጦሩ ሲሰናበት በአባቱ ስም መጠራት ጀመረ፤ ማን ይፈርድበታል? ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ የመጀመሪያ ባሏ ጆን ተብማንም ሁለተኛውን ከማግባቷ በፊት መሞቱን በምስክር ማስረዳት ነበረባት።

በጥቅምት 1895 ተፈቀደላት፤ በወር 8 ዶላር። በ1899 ኮንግረስ የነርስነት አገልግሎቷን ቆጥሮ 20 አደረገው። በ1863 በኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ ጦሩን መርታ ከ700 በላይ ሰው ነፃ ያወጣች ሴት መጀመሪያ ጡረታ ያገኘችው በራሷ ሥራ ሳይሆን በባሏ መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል።

ይህን የጻፍኩት ከመካከላችሁ የወታደር ልጆች ስለምትበዙ ነው። እኛም አገር በአያቱ ስም የተመዘገበ፣ ዕድሜውን ጨምሮ የተቀጠረ፣ በመታወቂያው ሌላ የሆነ ወታደር ሞልቷል። አባታችሁ በሕይወት እያለ በአንድ ቀን ምስክር የሚያልቀው ጉዳይ፣ እሱ ካረፈ በኋላ እናታችሁን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ደግሞ ቤትና ገንዘብ በኑዛዜ ይሰጣል፤ ጡረታ ግን አይሰጥም። እሱ የሚሄደው ሕጉ ለዘረዘራቸው ነው፤ ለሚስት ወይም ለባል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች፣ ሲረዳቸው ለነበሩ ወላጆች። አሜሪካ ጦር ውስጥ ያላችሁም ስሙኝ፦ የጡረታ ደመወዝ ከባለቤቱ ሞት ጋር ይቆማል። በ1972 የተጀመረውን የተተኪዎች ዕቅድ ከያዛችሁ ግን የትዳር ጓደኛችሁ እስከ 55 በመቶ ታገኛለች። ያልያዛችሁትን በኑዛዜ ልታመጡት አትችሉም።

ሃሪየት የራሷን ነገር እንዴት እንዳስተካከለችም ልንገራችሁ። በ1896 ከቤቷ አጠገብ 25 ኤከር መሬት በጨረታ ገዛች፤ ሐሳቧ ጧሪ ለሌላቸው ጥቁር አረጋውያን መኖሪያ ማቋቋም ነበር። አቅም ሲያንሳት ሞቷን ሳትጠብቅ በ1903 መሬቱን ለአፍሪካን ሜቶዲስት ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በስሟ አዛወረችው። መጦሪያው በ1908 ተከፈተ። በስተመጨረሻ እሷም እዚያው ገባች፤ መጋቢት 10 ቀን 1913 እዚያው አረፈች።