የድንጋይ ቅጠሎች ዘር ፍለጋ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከኦስትሪያ ድንጋዮች ውስጥ የወጡ ጥንታዊ ቅጠሎች የዕፅዋት ሊቃውንትን ጉድ አሰኙ። ኮንስታንቲን ፎን ኤቲንግስሃውዘን የተባሉ የአገሩ ተመራማሪ በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ጠባብና ረዣዥም ቅጠሎች ብዙዎቹን እንደ ባንክሲያ ካሉ የአውስትራሊያ ዕፅዋት ጋር አዛመዷቸው። አውሮፓ የአውስትራሊያ ደን ለብሳ ነበር ማለት ነው!

ሁሉም ግን እሺ አላለም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቤንታም በ1870 በቅጠል ቅርጽ ብቻ የተሰጠ ስም አስተማማኝ እንዳልሆነ ተከራከሩ። እውነታቸውን ነው፤ ጨርሶ የማይዛመዱ ዕፅዋት ተመሳሳይ ቅጠል ማውጣታቸው የተለመደ ነው። አበባና ፍሬ ከቅጠሉ ጋር ተያይዘው በድንጋይ ውስጥ የሚገኙት ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

የሚገርመው፣ መፍትሔው፣ ማለትም የቅጠልን ጅማት ማንበብ፣ በራሳቸው በኤቲንግስሃውዘን እጅ ነበር። ቪየና በሚገኘው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ቅጠሉን በእርሳስ ሰሌዳ ላይ በኃይል ተጭኖ እስከ ቀጭን ጅማቱ ድረስ የሚያትም ዘዴ ይሠራበት ነበር። እሳቸውም በ1861 በዚሁ ዘዴ ስለ ቅጠል ጅማቶች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

ጅማት ማንበብ ወጥ ሥርዓት የያዘው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካዊው ሊዮ ሂኪ በ1973 የቅጠል አገላለጽ መመሪያ ሲያወጡ ነው። ለማመሳከሪያ የዛሬ ቅጠል ይዘጋጃል፤ በኮስቲክ ሶዳ ተዘፍዝፎ ሥጋው ይለቃል፣ በበረኪና ይነጣል፣ ቀይ ቀለም ይነከርና በሁለት መስታወቶች መካከል ይቀመጣል። የሚቀረው ቀይ መረብ ብቻ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ከዋናው ጅማት የወጣው ቅርንጫፍ እስከ ቅጠሉ ጥርስ ጫፍ ይዘልቃል? ወይስ ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ታጥፎ ከላዩ ካለው ጋር ይገናኛል? በመካከላቸው ያሉት ቀጫጭኖቹስ እንዴት ተሰካክተዋል? እንዲህ ያለው ዝርዝር ከቅጠሉ አጠቃላይ መልክ ይልቅ ዝምድናን አጥርቶ ያሳያል።

የዚህ ሙያ አንዱ ምርጥ ማሳያ እኛው አገር ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ጭልጋ አካባቢ፣ በጓንግ ወንዝ የተገኙት ቅጠሎች ዕድሜ 27.23 ሚሊዮን ዓመት ነው። የአንዳንዶቹ ስስ የላይኛው ልባስ ስላልጠፋ የሴሎቹና የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አሰላለፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ይህም ከጅማት ጋር ተዳምሮ ጠንካራ ምስክር ነው። አሮን ፓን፣ ቦኒ ጃኮብስና ባልደረባቸው በ2010 ከእነዚህ ቅሪቶች ሁለት የጠፉ የባቄላ ቤተሰብ ዛፎችን ለይተው ስም ሰጧቸው፤ አፍዜሊያ አፍሮ-አራቢካ እና ሲኖሜትራ ጫካ ይባላሉ።

ከሁለቱ ቀድሞ በ2006 የተሰየመ አንድ የጭልጋ ዘንባባም አለ፤ ኤሬሞስፓታ ቺልጋኤንሲስ። ዘመዶቹ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ የሚወጡ እሾሃማ ዘንባባዎች ሲሆኑ ዛሬ በአገራችን አይበቅሉም፤ ያሉት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደኖች ነው። በዚያው በጭልጋ የጥንታዊ ዝሆኖች አጥንትም ተቆፍሮ ወጥቷል፤ አብሯቸው በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት፣ ዘሩ ፈጽሞ የጠፋ አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ይኖር ነበር።