አውቶቡስ ተራን ስንቆጥር

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄ የእናንተም ታሪክ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት ሲመለስና የኢንጂነሪንግ ተማሪም ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ይማር ሲባል ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። "ስለ ኮንክሪት የማያውቅ ልጅ ስለ አክሱም ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?" ብዬ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ። አልክድም።

ሐሳቡ ግን አዲስ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የምህንድስና ኮሌጁ በ1945 ለብቻው ተከፈተ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ሁለቱም በአንድ ተቋም ሥር ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ሁሉ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ የወደፊቱ መሐንዲስም ገጠር ወርዶ ያስተምር ነበር። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። እኔ የዚያ ዘመን አስተማሪ ነኝ።

ወደ አውቶቡስ ተራ ልመለስ። ለትራንስፖርት ኮርስ ተሽከርካሪ ልንቆጥር ከጠዋቱ 12 ሰዓት አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆምን። ሚኒባስ፣ ሲኖትራክ፣ ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ እየተባለ ፎርሙ ተሞላ። መፍትሔውም ቶሎ መጣ፦ አስፋልቱን ማስፋት፣ ጉልት ቸርቻሪውንና ኩሊውን ማንሳት።

አንዲት ተማሪ ግን "ቲቸር፣ እነዚህ መንገዶች ለምን እንዲህ ቀጥ ቀጥ ብለው ተሠሩ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የታሪክ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ከያዘ በኋላ ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች የከተማ ፕላን አወጡ። ነጩና ሐበሻው ተለይተው እንዲኖሩ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ ስሙም "የአገሬው ገበያ" ተባለ። መርካቶ ማለት ይሄ ነው። ቀጥ ያሉት መስመሮችም የመሐንዲስ ሥራ ናቸው፤ ያውም የጎበዝ መሐንዲስ።

"ቲቸር፣ እኛም ሰው አንሱ ነው ያልነው" አለች። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም።

ከዚያ እሷና ሁለት ጓደኞቿ ሁለት ጠዋት እየሄዱ ኩሊዎቹን "ዕቃውን ከየት ወዴት ነው የምትወስዱት?" እያሉ ጠየቁ። ከአውቶቡስ ጣሪያ የወረደው ጭነት በሰው ጀርባ ነው ሱቅ የሚደርሰው። ኩሊውን ብናነሳ ያን ጭነት ፒክአፕ ሊያወርደው ነው፤ የምናሰፋው መንገድ መልሶ ይዘጋል። ይሄን ደግሞ የታሪክ ደብተር አይደለም የነገረን፣ ቀላል ስሌት ነው። ስሌቱን ለመጀመር ግን ጥያቄው መምጣት ነበረበት።

ዲዛይኑን እንደ አዲስ ሠሩት። ለጋሪና ለተሸካሚ የተለየ መተላለፊያ አስገቡ፤ ሁለት ቦታ ላይ ስፋቱ አልበቃ ብሏቸው ውጤት ቀንሼባቸዋለሁ።

ፎርሙ ላይ አሁን "ተሸካሚ" የሚል ዓምድ አለ። ከዚያ በፊት የተማራችሁ ልጆች፣ የእናንተው ላይ አልነበረም። ይቅርታ።