ስንፈተ ወሲብ፦ ከዝንጀሮ ፍሬ እስከ ሰማያዊዋ ክኒን

ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሰርጌ ቮሮኖፍ የተባለ ሐኪም የዝንጀሮ የዘር ፍሬ ቁራጭ ለወንዶች ይተክል ነበር። ሀብታሞች ጎረፉለት፤ የፈየደው ግን የለም። ከዚያም ለረጅም ዘመን «ችግሩ የአእምሮ ነው» ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ጃይልስ ብሪንድሊ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ብልታቸውን የደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒት ወግተው መጡና ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው ውጤቱን አሳዩ! (አዳራሹ ምን እንደመሰለ ገምቱት።) ለካ ዋናው ነገር የደም ዝውውር ኖሯል። ቪያግራም ለልብ ሕመም ሲሞከር በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በማርች 1998 ፈቀደችው።

አሁን ልብ በሉልኝ። የብልት ደም ስር ከልብ ደም ስር ስለሚቀጥን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። እዚህ መቐለ በጦርነቱ ጊዜ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የተቋረጠባችሁ አባቶች፣ ችግሩ ከመጣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ተለኩ። ክኒኑንም ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የምትወስዱ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ግፊትን እስከ ሞት ሊያወርዱ ይችላሉ።

ሴት ሐኪም ፊት ማውራት ከከበዳችሁ ወንድ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም።