ሐኒሽ ደሴቶች

ሐኒሽ ደሴቶች በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል፣ በኤርትራና በየመን ጠረፎች መካከል የሚገኙ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናቸው። ቋሚ ነዋሪ የላቸውም። ለብዙ ዘመን የሚያርፉባቸው ከሁለቱም ጠረፎች የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች ብቻ ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. ኤርትራና የመን በባለቤትነታቸው ላይ ተዋግተዋል። ጉዳዩን የመረመረው ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ጉባኤ በ1991 ዓ.ም. ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች ለየመን ወስኗል።

መልክዓ ምድር

ደሴቶቹ ከባብ ኤል ማንደብ መተላለፊያ በስተሰሜን ምዕራብ 140 ኪሎሜትር ያህል ርቀው፣ ወደ 14 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ይገኛሉ። የቡድኑ ትልቁ ደሴት ጀበል ዙቀር ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 624 ሜትር ይደርሳል። ከእርሱ በስተደቡብ ትንሹ ሐኒሽና ትልቁ ሐኒሽ ይከተላሉ። ትልቁ ሐኒሽ 20 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባብ ደሴት ሲሆን የተራራው ከፍታ 407 ሜትር ነው። በዙሪያቸው ብዙ ትንንሽ ደሴቶችና ቋጥኞች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሞሐባካ የሚባሉት ለኤርትራ ጠረፍ በጣም ይቀርባሉ፤ ዙቀር ደግሞ ይበልጥ ለየመን ይቀርባል።

የደሴቶቹ አፈጣጠር ቀይ ባሕርን ከፈጠረው የምድር ስንጥቅ ጋር የተያያዘ ነው። የአፍሪካና የዓረብ የመሬት ንጣፎች ቀስ በቀስ እየተራራቁ ሲሄዱ ከሥር የወጣው ቅልጥ ዐለት በባሕሩ ውስጥ ተራሮችን ሠራ። ይህ ሂደት እስካሁን አላበቃም። ከሐኒሽ በስተሰሜን ያለው ጀበል አል-ጠይር በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2007) ፈንድቶ በደሴቱ ላይ የነበሩ የየመን ወታደሮችን ገድሏል። በዙበይር ደሴቶች አጠገብም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2013 በተከሰቱ ፍንዳታዎች ሁለት አዳዲስ ደሴቶች ከባሕር ወጥተዋል።

አየሩ እጅግ ሞቃትና ደረቅ ነው። ወንዝ የለም፤ ዕፅዋቱም ጥቂት ናቸው። ደሴቶቹ ሰው ያልሰፈረባቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በዙሪያቸው ያለው ባሕር በዓሣ የበለጸገ ነው፤ በአጠገባቸውም በስዊዝ ቦይና በህንድ ውቅያኖስ መካከል የሚመላለሱ መርከቦች ያልፋሉ። የደሴቶቹ ዋጋ ከመሬታቸው ይልቅ ከዚህ አቀማመጣቸው የመጣ ነው።

ታሪክ

እስከ 1944 ዓ.ም.

ደሴቶቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ሥር ይቆጠሩ ነበር። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ የመርከብ ጉዞ ስለበዛ፣ ኦቶማኖች ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የመብራት ማማዎች እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ከማማዎቹ አንዱ ከዙቀር አጠገብ ባለችው አቡ ዓሊ ደሴት ላይ ቆመ።

ቱርክ በጦርነቱ ተሸንፋ እ.ኤ.አ. በ1923 የሎዛን ውል ሲፈረም በደሴቶቹ ላይ ያላትን መብት ተወች። ውሉ ግን የማን እንደሚሆኑ ሳይወስን፣ የሚመለከታቸው ወገኖች ወደፊት እንዲስማሙበት ተወው። የኋለኛው ውዝግብ ዋና ሥር ይህ ክፍት የቀረ አንቀጽ ነው። ኤርትራን ትገዛ የነበረችው ጣሊያንና ኤደንን የያዘችው ብሪታንያ አንዳቸው ሌላውን በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ባደረጉት ስምምነት ሁለቱም በደሴቶቹ ላይ ሉዓላዊነት ላለመመሥረትና ምሽግ ላለመሥራት ተስማሙ። ጣሊያን ግን ዓሣ አጥማጆችን ለመጠበቅ ሹማምንት በሐኒሽና በዙቀር እንድታኖር ተፈቀደላት። በ1933 ዓ.ም. ብሪታንያ ኤርትራን ስትይዝ የጣሊያን ይዞታ አበቃ።

በኢትዮጵያ ዘመን

በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ መሠረት ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ኢትዮጵያ በዚህ ጊዜ ረጅም የባሕር ጠረፍ ስለነበራት፣ የባሕር ኃይሏ በሐኒሽ ዙሪያ ቅኝት ያደርግ ነበር። የኤርትራ የነጻነት ጦርነት ሲፋፋም፣ በደሴቶቹ በኩል ለአማፅያን የሚገባውን ስንቅና ትጥቅ ለመቆጣጠር ቅኝቱ ተጠናከረ። በደሴቶቹ ላይ ግን ቋሚ አስተዳደር አልተተከለም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አጣች፤ የሐኒሽም ጥያቄ ለአዲሲቱ አገር ተላለፈ።

የ1988 ዓ.ም. ግጭት

ውጥረቱ የጀመረው በትልቁ ሐኒሽ ላይ ለቱሪስቶች ሆቴልና የመጥለቂያ ማዕከል የመሥራት ሥራ ሲጀመርና የየመን ወታደሮች ሲሰፍሩ ነው። ኤርትራ በኅዳር 1988 ዓ.ም. ወታደሮቹ እንዲወጡ ጠየቀች፤ ድርድሩ ውጤት አላመጣም። በታኅሣሥ ወር (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1995) ለጥቂት ቀናት ከተደረገ ውጊያ በኋላ የኤርትራ ጦር ትልቁን ሐኒሽ ያዘ። የተማረኩት የየመን ወታደሮች በኋላ ተለቀዋል።

ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ፈረንሳይ ሽምግልና ሞከሩ። በመጨረሻ በፈረንሳይ አማካይነት ሁለቱ አገሮች በግንቦት 1988 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ጉዳዩን በግልግል ዳኝነት ለመጨረስ ተስማሙ።

የግልግል ዳኝነቱ ውሳኔ

አምስት አባላት ያሉት ጉባኤ በሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት ክርክሩን ሰማ። ኤርትራ መብቷ ከጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ወደ ራሷ የተላለፈ መሆኑን ተከራከረች፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ቅኝትንም በማስረጃነት አቀረበች። የመን ከኦቶማን ዘመን በፊት የነበረ ጥንታዊ ባለቤትነት እንዳላት ገለጸች።

ጉባኤው መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1998) በሰጠው ውሳኔ የሁለቱንም ታሪካዊ ክርክር በቂ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደሴቶቹ ላይ የመንግሥትነት ሥራ የሠራው ማን እንደሆነ መረመረ። በዚህ መመዘኛ ሐኒሽና ዙቀር፣ እንዲሁም ጀበል አል-ጠይርና ዙበይር ለየመን ተወሰኑ። ሞሐባካ፣ ሄይኮክና ደቡብ ምዕራብ ቋጥኞች ለኤርትራ ሆኑ። ኤርትራ ውሳኔውን ተቀብላ ትልቁን ሐኒሽ በዚያው ዓመት ለየመን አስረከበች። የባሕር ወሰኑ ደግሞ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. በሁለተኛ ውሳኔ ተለየ።

ዓሣ አጥማጆች

ውሳኔው ከባለቤትነት ጥያቄ ባሻገር ትኩረት የሰጠው ለዓሣ አጥማጆች ነው። የሁለቱ ጠረፎች ሰዎች ድንበር ሳይኖር ለዘመናት በአንድ ባሕር ላይ ሠርተዋል፤ በደሴቶቹም ላይ ዓሣ አድርቀዋል፣ ጀልባ ጠግነዋል፣ ከማዕበል ተጠልለዋል። ጉባኤው ይህ ልማድ ሉዓላዊነቱ ለየመን ቢሆንም እንዲቀጥል አዘዘ። መብቱ በትንንሽ ጀልባ ለሚሠሩ ባህላዊ አጥማጆች እንጂ ለኢንዱስትሪ ዓሣ ማስገር አይደለም። ከዓሣ በተጨማሪ ለዛጎልና ለሉል መጥለቅን፣ ዓሣውንም በሌላው አገር ወደብ መሸጥን ይጨምራል። ቢሆንም ከውሳኔው በኋላ በኤርትራ የተያዙ የየመን አጥማጆች ጉዳይ በተደጋጋሚ ሲነሣ ቆይቷል።

በየመን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በሳዑዲ ዓረቢያ የሚመራው ጥምር ኃይል በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015) ዙቀርን ከሑቲዎች ያዘ። ነዋሪ የሌላቸው እነዚህ ደሴቶች ከመርከብ መተላለፊያው አጠገብ በመሆናቸው ዛሬም ወታደራዊ ጠቀሜታቸው ከፍተኛ ነው።