የኦሃዮ የማኅበራዊ ሚዲያ የወላጅ ፈቃድ ሕግ
በአሜሪካዋ ኦሃዮ ስቴት ዋና ከተማ በኮሎምበስ የወጣ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አካውንት ከመክፈታቸው በፊት ወላጅን እንዲያስፈቅዱ የሚያዝ ሕግ ነው። ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ማይክ ዲዋይን እ.ኤ.አ. በ2023 ከስቴቱ በጀት ጋር ፈረሙት። ኔትቾይስ የተባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ማኅበር ግን በዚያው ከተማ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሟገተ፤ ዳኛ አልጄነን ማርብሊም በጃንዋሪ 2024 ሕጉን ሥራ ላይ ሳይውል አገዱት፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብለው እስከ መጨረሻው ከለከሉት።

ጉዳዩን ቀኝና ግራ ብሎ መክፈል ያሳስታል። እዚህ ላይ ለወላጅ ሥልጣን ሲሉ የመንግሥትን እጅ የጠሩት ወግ አጥባቂዎች፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሁሉንም መረጃ በእኩል ያስተላልፉ በሚለው ደንብ ላይ በአብዛኛው «ገበያው ይወስን» ባዮች ናቸው፤ ቁጥጥር የሚጠይቁት ተራማጆቹ ናቸው። የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የማይወዱት ሊበርታሪያኖች በአብዛኛው ሁለቱንም ቁጥጥሮች ይቃወማሉ። የልጆች ደኅንነት ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው፤ በፍርዱም አልተዘጋም።