ከሰማይ ያልወረደው አሮጌ ንድፍ

በዲሴምበር 1958 ሁለት አብራሪዎች በአንዲት ሴስና 172 ከላስ ቬጋስ ተነሥተው እስከ ቀጣዩ ፌብሩዋሪ ድረስ መሬት አልነኩም። 64 ቀን ከ22 ሰዓት በአየር ላይ ቆዩ። ነዳጅ የሚቀዱት በበረሃው ጎዳና ላይ ከሥራቸው እየከነፈ ከሚሮጥ የጭነት መኪና ነበር፤ ምግባቸውንም ከዚያው ላይ በገመድ ይስቡ ነበር። በመጨረሻ ሞተሩ በጥላሸት ታፍኖ ኃይሉ ሲደክም ወረዱ። ሰው የሚያበረው አውሮፕላን ሳያርፍ በመቆየት ያስመዘገበው ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያች አውሮፕላን ታናናሾች ዛሬም አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ይመረታሉ። ጭራቸው ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል፤ የኋላ መስኮትም ተጨምሯል። ክንፉ ግን አሁንም ከጣሪያው በላይ ነው፣ አሁንም በሰያፍ ደጋፊ ተይዟል፣ አካሉም አሁንም በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም ነው። ሴስና 172 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1955 ሲሆን በ1956 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በታሪክ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ አውሮፕላን የለም። ያኔ 9,000 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋው ዛሬ ከ400,000 ዶላር ይበልጣል። በ1956 የወጣን መኪና ዛሬ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ፋብሪካ የለም። በትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ገበያ ግን ይህ የተለመደ ነገር ነው። እኔ እንደማየው ንድፉን ያቆዩት ሕግ፣ ኢንሹራንስና ፍርሃት ናቸው፤ ሊለውጠው የቻለውም ከሦስቱ በፍርሃት በኩል የመጣው ብቻ ነው።

መነሻው ከሴስና ይቀድማል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቢጫው ፓይፐር ከብ አካሉ የብረት ቱቦ፣ ልባሱ ሸራ ነበር። በ1947 ምርቱ እስኪቆም ወደ 20,000 ገደማ ተሠርቷል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አምራቾቹ ከግንባር የሚመለሰው አብራሪ ሁሉ የራሱን አውሮፕላን ይገዛል ብለው አሰቡ። በ1946 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ30,000 በላይ የሲቪል አውሮፕላኖች ተመረቱ። ገዢው ግን አልመጣም፤ በዓመቱ ገበያው ወደቀ። ከዚያ ውድቀት የተረፈው ትልቁ ሥራ ቢችክራፍት ቦናንዛ ነው። በ1947 ሲወጣ ሙሉ አካሉ ብረት ነበር፣ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ያጥፍ ነበር፣ ጭራውም እንደ ፊደል "ቪ" ለሁለት የተከፈለ ነበር። ዘመናዊ መልኩ በዚያ ዘመን ማንንም ያስደንቅ ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ መመረቱ ደግሞ የንድፉን ጥንካሬ ይመሰክራል፤ የገበያውን ዝግታም እንዲሁ።

የኢንዱስትሪው ከፍታ 1978 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 አውሮፕላኖች አስረከቡ። በ1994 ቁጥሩ 928 ደረሰ። የነዳጅ ዋጋና የባንክ ወለድ መናር የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ አምራቾቹ ራሳቸው አጥብቀው የሚከሱት ግን የካሳ ክሱን ነው። አውሮፕላን እንደ መኪና በአሥር ዓመት አይጣልም፤ በደንብ ከተያዘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይበርራል። ስለዚህ በ1950ዎቹ የተሸጠ አውሮፕላን በ1980ዎቹ ቢወድቅ፣ በመሃል አምስት ባለቤት ቢለዋወጥበትም፣ አምራቹ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር። ፋብሪካው በየዓመቱ አዲስ ሲሸጥ የዕዳው ጥላ እየረዘመ ሄደ፤ የኢንሹራንሱም ክፍያ በእያንዳንዱ አዲስ አውሮፕላን ዋጋ ላይ ተደመረ። ሴስና በ1986 ትንንሾቹን ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች መሥራት አቆመ። ፓይፐር በ1991 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በኦገስት 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ለአምራቹ ተጠያቂነት የ18 ዓመት ገደብ ካበጀ በኋላ ነው ሴስና ፋብሪካ ከፍቶ በ1996 ወደ 172 የተመለሰው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አሥር ዓመት ከቆመ በኋላ ከባዶ ሲጀምር ለምን አዲስ አውሮፕላን አላመጣም? መልሱ በማረጋገጫው ሥርዓት ውስጥ ነው። አንድ ንድፍ አንዴ በመንግሥት ከጸደቀ፣ በዚያው ማረጋገጫ ሥር የሚደረጉ ማሻሻያዎች በአብዛኛው የሚመዘኑት በቀድሞው ደንብ ነው። አዲስ ንድፍ ግን ዘመኑ ያመጣውን ጥብቅ መለኪያ ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ማለፍ አለበት። ለደኅንነት ሲባል የተጻፈ ደንብ በዚህ መንገድ አሮጌውን ጠበቀ፤ ይበልጥ ደኅና ሊሆን የሚችለውን አዲሱን ደግሞ አስወደደ። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ዋጋው በሰው ሕይወት ተከፍሏልና።

አዲሱ ሐሳብ ማረጋገጫ በማይጠየቅበት ቦታ ተወለደ። የአሜሪካ ሕግ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን በራሱ እጅ ለሠራ አማተር በሙከራ ምድብ እንዲበርር ይፈቅዳል። በርት ሩታን በ1970ዎቹ በሞሃቪ በረሃ ሆኖ ለእነዚህ ሰዎች የቫሪኢዚን ንድፍ ሸጠ። ፎም ተቆርጦ በፋይበርግላስ ይለበጣል፤ ትንሿ ክንፍ ከፊት፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ የተሠራው አውሮፕላን በተመሳሳይ ሞተር ከፋብሪካው ይፈጥን ነበር፤ ለስላሳው አካል የሪቬት ራስ የለበትምና አየሩ ሳይሰበር ያልፍበታል። ቢችክራፍት የሩታንን መንገድ ወደ ነጋዴዎች አውሮፕላን ሲያሻግረው ግን ስታርሺፕ ሆነ። በ1986 በረረ፣ በማረጋገጫው ሂደት ከበደ፣ 53 ብቻ ተሠርቶ ቆመ።

አለንና ዴል ክላፕማየርም ዊስኮንሲን ውስጥ የጀመሩት ለአማተሮች በሚሸጥ፣ ራሳቸው በሚገጣጥሙት አውሮፕላን ነበር። በ1985 አለን በአየር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። እሱ በተጎዳ ክንፍ አረፈ፤ ሌላው አብራሪ ሞተ። ወንድማማቾቹ ያቋቋሙት ሲረስ በ1998 ያስጸደቀው ኤስአር20 እንደ ፋይበርግላስ ካለ ኮምፖዚት የተሠራ ነው፤ ገበያውን የለወጠው ግን በጣሪያው ላይ ያለችው ቀይ እጀታ ናት። ስትሳብ ሮኬት ይተኮስና መላውን አውሮፕላን ከነተሳፋሪው የሚያወርድ ፓራሹት ይዘረጋል። የነባር አብራሪዎች ቁጣ ቀላል አልነበረም። ፓራሹት ሰነፍ አብራሪ ያፈራል አሉ። ከአብራሪው አጠገብ የምትቀመጠው ባለቤቱ ግን አብራሪው ራሱን ቢስት ምን ማድረግ እንዳለባት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። ቤተሰቡ ከፈቀደ አውሮፕላኑ ይገዛል። በ2001 የተከተለው ኤስአር22 ብዙም ሳይቆይ ከባለ አራት መቀመጫዎቹ መካከል በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ።

የነባሮቹ ወቀሳ ግን ባዶ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሲረስ የሞት አደጋ መጠን ከትንንሽ አውሮፕላኖች አማካይ አይሻልም ነበር። ብዙዎች ፈጣን አውሮፕላን ገዝተው ወደማይችሉት አየር ገቡ፤ ሲጨንቃቸውም እጀታዋን ሳይስቡ ሞቱ። ኩራት አለ፣ አውሮፕላኑን የማዳን ምኞት አለ፣ ሲማሩም ስለ ፓራሹቱ በቂ ትምህርት አላገኙም። ኩባንያውና የባለቤቶቹ ማኅበር ሥልጠናውን ከሥሩ ለወጡ። ጥርጣሬ ሲመጣ አስቀድሞ መሳብን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አስተማሩ። ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት የሞት አደጋው በግልጽ ቀነሰ፤ በፓራሹቱ የተረፉት ሰዎች ከ200 አልፈዋል። ስለ አዲስና አሮጌ ንድፍ የሚከራከር ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያጠና እመኛለሁ። መሣሪያው ለዓመታት እዚያው ጣሪያ ላይ ነበር፤ ሰዎችን ማዳን የቻለው ልማዱ ሲለወጥ ነው።

ሴስናም ሞክሯል። በ2007 ኮሎምቢያ የተባለውን የኮምፖዚት አውሮፕላን አምራች ገዛ። አውሮፕላኑ ፈጣንና የሚያምር ነበር፤ በ2018 ግን ምርቱ ቆመ። ለብቻው አዲስ አድርጎ የነደፈው ባለ ሁለት መቀመጫው ስካይካቸርም ጥቂት ዓመት ብቻ ቆየ። 172 ሁለቱንም ቀበራቸው። የበረራ ትምህርት ቤት የሚፈልገው አውሮፕላን ተማሪ ደጋግሞ ሲያላትመው የሚችል፣ መካኒኩ በቃሉ የሚያውቀው፣ መለዋወጫውም የትም የሚገኝ ነው።

በአዲሶቹ ውስጥ ያረጀው ነገር ሞተሩ ነው። የሲረስ አካል የ1990ዎቹ ነው፤ ከፊቱ ያለው በአየር የሚቀዘቅዘው የኮንቲኔንታል ሞተር ግን ዘሩ አሥርት ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። እርሳስ የተቀላቀለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ይጠጣል። ከዚህ ለመውጣት ከልብ የሞከረው የኦስትሪያው ዳይመንድ ነው። በ2004 የወጣው ባለ ሁለት ሞተሩ ዲኤ42 የጄት ነዳጅ የሚያቃጥሉ፣ ከመርሴዲስ መኪና ሞተር የተወለዱ የናፍጣ ሞተሮች ነበሩት። የሞተሩ አምራች ቲሌርት በ2008 ሲከስር ባለቤቶቹ ክፉኛ ተጎዱ፤ ዳይመንድ ግን ኦስትሮ የተባለ የራሱን ሞተር ሠርቶ ቀጠለ።

ለእኛ አገር ይህ ክርክር ከየትም በላይ ተጨባጭ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አቪዬሽን አካዳሚ ሁለቱንም ትውልድ፣ ሴስና 172ንም ዳይመንድ ዲኤ40ንም፣ ለሥልጠና ተጠቅሟል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ያህል ከመነሣቱ በፊት ያጣል፤ ባለ ቱርቦው የናፍጣ ሞተር ግን አብዛኛውን ይዞ ይነሣል። በብዙ የአፍሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ደግሞ የፒስተን ቤንዚን ብርቅ ነው፤ የጄት ነዳጅ ግን አየር መንገድ በደረሰበት ሁሉ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቅንጦት የሚመስለው ሞተር እዚህ የትምህርት ቀን ማትረፊያ ነው።

በ2017 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ የትንንሽ አውሮፕላኖችን ደንብ ከዝርዝር ትእዛዝ ወደ ደኅንነት ግብ ቀየረው፤ በ2020 ደግሞ አውሮፓ የስሎቬኒያውን ፒፒስትረል ቬሊስ የመጀመሪያው የጸደቀ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን አደረገች። ቬሊስ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይበልጥ ቅርብ የሆነው ፈተና አሜሪካ እስከ 2030 መጨረሻ ልታስወግደው ያቀደችው እርሳስ ነው። እዚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኤስአር22ን የሚያስከንፈው ከፍተኛ እመቃ ያለው ሞተር ባለ 100 ኦክቴን ነዳጅ ካላገኘ አይሠራም፤ እርሳሱም የተጨመረው ለእሱ ዓይነቱ ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩት የ172 ሞተሮች ግን ለደካማ ነዳጅ የተነደፉ በመሆናቸው አሁን በገበያ ባለው እርሳስ አልባ ባለ 94 ኦክቴን ቤንዚን መብረር ይችላሉ።